ግርግር ያመጣው ጎረቤት

ካዛንቺስን የጃንሆይ ጎረቤት ያደረጋት ምርቃት ሳይሆን እልቂት ነው። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ 25ኛ ዓመት ተሠርቶ አልቋል፤ የጃንሆይ ቤት ግን ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በከሸፈው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ መሳፍንትና ሚኒስትሮች በጥይት ከተጨፈጨፉ በኋላ ጃንሆይ እዚያ መኖር አልሆነላቸውም። ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡና ካዛንቺስ አጠገብ ወዳለው ኢዮቤልዩ ወረዱ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት በትንሿ ቮልስዋገን ተጭነው የወጡትም ከዚሁ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ትይዩ ካለው አጥር ውስጥ ነው። የአንዱ ግርግር ደም ወደዚህ አመጣቸው፤ ሌላው፣ አብዮቱ፣ ከዚህ አስወጣቸው።

የሰፈሬን ሰው ስለ ቮልስዋገኗ ጠይቀው፤ በየትኛው በር እንደወጣችና ማን እንደሾፈራት ሳይቀር ያወራሃል፣ እርስ በርሱ ባይስማማም። ስለ ታኅሣሥ ግርግር ጠይቀው፤ «እነ መንግሥቱና ገርማሜ» ይልና ወሬ ይቀይራል። ሁለቱን ወንድማማቾች እንደ አንድ ሰው ስም ነው የሚጠራቸው። እኔ ግን ታናሹ ላይ ነው ዓይኔ የሚያርፈው። ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበር፤ ጦሩ የእሱ ነው። ሐሳቡ ግን የገርማሜ ነበር።

*

ገርማሜ ከባላንጣ ቤት የመጣ ሰው አልነበረም። ተፈሪ መኮንን ተማረ። ቀጥሎ ኮተቤ፣ በጃንሆይ ስም ይጠራ በነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ከዚያም አሜሪካ ተላከና ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ጃንሆይ ለተማረ ልጅ የነበራቸው ፍቅር የይምሰል አልነበረም፤ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ራሳቸው ይዘው የቆዩ ንጉሥ ናቸው። ልጆቹን ሲልኩ ዲግሪ ይዘው እንደሚመለሱ ያውቃሉ። የተማሩትን አምነውበት እንደሚመለሱ ግን ያሰቡበት አይመስልም።

የገርማሜ የኮሎምቢያ መመረቂያ ጽሑፍ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የቀረበው፣ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም። ስለ ኬንያ ነው፤ የነጭ ሰፋሪዎች ፖሊሲ እዚያ ስላስከተለው ጣጣ። ጊዜው የማው ማው ጦርነት የተፋፋመበት ነው። የኪኩዩ ገበሬ በአባቱ መሬት ላይ የሰው ሠራተኛ ሆኖ ይኖራል። ይህን የጻፈ ሰው አገሩ ገብቶ ደቡብ ሲወርድ ምን እንደሚያይ አስቡት፤ በአባቱ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ የሚሰፍር ገበሬ። ስለ ራሳችን በቀጥታ መጻፍ በማይቻልበት ዘመን ኬንያ ጥሩ ርእስ ነበረች። ዛሬም ስለ ሌላ አገር ምርጫና ስለ ሌላ አገር የኑሮ ውድነት ረጅም ረጅም ትንታኔ የሚጽፉ ሰዎች ሳይ ገርማሜ ትዝ ይለኛል።

*

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። አባባሉን የፈጠረው ሰው ስለ መሬት አለማንሣቱ ያስገርመኛል። ምድሪቱ ትታረሳለች፤ ጥያቄው ለማን የሚለው ነው።

*

ገርማሜ ከአሜሪካ ሲመለስ አገር ግዛት ሚኒስቴር ገባ፤ ከዚያ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነ። እዚያ የሠራው ሥራ በመጽሐፍም በአፍም እስከ ዛሬ ይነገራል፦ ጦም ያደረውን መሬት ለመሬት አልባ ገበሬዎች አከፋፈለ፤ መንገድ አስጠረገ። ባለመሬቶች እንደ ልማዱ እጅ መንሻ ይዘው ሲመጡ እምቢ አላለም ይባላል። ተቀበለና በገንዘቡ ለሕዝቡ የሚሆን ሥራ ሠራ።

ይህ ነገር ባለመሬቶቹን ከመሬቱ በላይ ያንገበገባቸው ይመስለኛል። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ጉቦ የማይቀበል ሹም አስቸጋሪ ነው፣ ግን ይታወቃል፤ ወይ ቅዱስ ነው ይባላል ወይ ሞኝ። ጉቦውን ተቀብሎ ድልድይ የሚሠራበት ሹም ግን ስም አልተገኘለትም። ምን ብለህ ትከሰዋለህ? አልበላም። ምን ብለህ ታመሰግነዋለህ? በልቶልሃል።

ከሰሱት ግን፤ አቤቱታቸው ጃንሆይ ዘንድ ደረሰ። ጃንሆይ አላሰሩትም፣ አላባረሩትም። አዛወሩት፤ ወደ ጅጅጋ። እንዲህ ያለው ዝውውር ቅጣት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ደብዳቤው ላይ ግን ሹመት ነው የሚመስለው። ይህ ጥበብ አሁንም በየመሥሪያ ቤታችን በጤናው አለ፤ «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ጓዙን ከመሸከፉ በፊት ማንን እንዳስቀየመ ያስባል።

ጅጅጋም ላይ አላረፈም። የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት አሠራ፤ ለሶማሌ አርብቶ አደሮች፣ መንግሥትን በግብር ሰብሳቢና በወታደር ብቻ ለሚያውቁ ሰዎች። እዚያም ሆኖ የገባው ነገር አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ አንድ አውራጃ ማስተካከል የሚቻለው ከላይ ያለው ሰው እስኪታክተው ድረስ ብቻ ነው። የገርማሜ የፖለቲካ ሕይወት ለእኔ ይኸኛው ነው፤ ወላይታና ጅጅጋ። ስሙ የሚነሣው ግን ስለ ታኅሣሥ ግርግር አራት ቀን ነው።

*

አራቱ ቀን የጀመረው በስልክ ነው። ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ማታ፣ ጃንሆይ ብራዚል በጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ሚኒስትሮችና መሳፍንት «እቴጌ በጠና ታመዋል» ተብለው ወደ ቤተ መንግሥት ተጠሩ። እየሮጡ መጡ። የመጡት ተያዙ።

ወጥመዱ የተሠራው በተያዙት ሰዎች ክፋት አይደለም፣ በታማኝነታቸው ነው። እመቤታቸው ታመሙ ሲባል ልብሱን እየቆለፈ የሮጠ ሰው ነው የተቆለፈበት። ከወጥመዱ ያመለጡት ደግሞ፣ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ደጃዝማች አሥራተ ካሣ፣ ከሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ ጋር ሆነው ምድር ጦሩንና አየር ኃይሉን አሰለፉ። ውጊያው በሁለት ቀን አለቀ። አብዛኛውን ከተማ የያዘ ሰው ሁለት ጄኔራልና አንድ ደጃዝማች ሳይዝ ማደሩን ሳስብ፣ የገርማሜ ጭንቅላት ከወንድሙ ጦር ጋር በደንብ የተነጋገረ አይመስለኝም።

ወታደሮቹም ነገሩ በውል አልተነገራቸውም። የክብር ዘበኛ ኮሪያ ዘምቶ ስም ያተረፈ ጦር ነው፤ ተኩስ አያስተምሩትም። ነገር ግን ብዙው ወታደር የቆመው ለጃንሆይ መስሎት ነበር። በጃንሆይ ስም ያሰለፍከው ወታደር ጃንሆይ እየመጡ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ምን እንዲያደርግ ትጠብቃለህ?

*

ረቡዕ በሬዲዮ የተሰማው ድምፅ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ነው። ኢትዮጵያ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ትናንት ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች እየቀደሙን ነው፤ እኔም ደመወዝ ተቆርጦልኝ አገለግላለሁ ይላል። 1960 እ.ኤ.አ. 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ የወጡበት ዓመት ስለሆነ ነገሩ የሰሚውን ቁስል የሚነካ ነበር፤ ከካዛንቺስ በታች የአፍሪካ አዳራሽ ግንባታ ገና አላለቀም፣ እንግዶቹ ግን መምጣት ጀምረዋል። ነፃነታችንን ለዘመናት ጠብቀን የኖርን ሰዎች ለነፃዎቹ አዳራሽ እየሠራን በትምህርትና በመንገድ ከእነሱ እናንሳለን። ይህን በዚያ ጊዜ በአደባባይ መናገር ድፍረት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የተሰየሙት ደግሞ ራስ እምሩ ናቸው። ራስ እምሩ መሬታቸውን ለጢሰኞቻቸው በማከፋፈላቸው የሚታወቁ ደግ መስፍን ነበሩ፤ ምርጫው መጥፎ አልነበረም። ግን ነገሩን ወደ ኋላ ብሎ ለሚያይ ሰው ይገርማል፦ የዘውዱን ሥርዓት ለመለወጥ የተነሣው ሰው ዐዋጁን የሚያነብለት አልጋ ወራሽ ፈለገ፤ መንግሥቱን የሚመራለት ራስ ፈለገ። የራሱ ስም የለበትም። በራሱ ስም ቢናገር ማንም እንደማይሰማው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ወላይታ ላይ በስሙ የሚያውቁት ገበሬዎች ሬዲዮ አልነበራቸውም፤ ሬዲዮ ያላቸው የአዲስ አበባ ሰዎች ገርማሜን አያውቁትም።

ከሌላው ወገን የመጣው መልስ ወረቀት ነው። የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ውግዘት ታትሞ ተበተነ። ሬዲዮ «ደመወዝ» ይላል፣ ወረቀቱ «ግዝት» ይላል። በዚያች ከተማ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ኮሎምቢያ መማር አያስፈልግም ነበር።

ሐሙስ ዕለት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ።  ወታደር መለሳቸው፤ ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ተጀመረ።

*

አሁን ስለ ሳሎኑ።

ዓርብ ታኅሣሥ 7 ቀን ምድር ጦሩ ገነተ ልዑልን ሲሰብር፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የተያዙት ሰዎች ላይ ተተኮሰ። 15 ሰው ሞተ። የአሜሪካ አምባሳደር ለሽምግልና እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ በመስኮት አመለጠ። ከሞቱት ውስጥ ራስ አበበ አረጋይ አሉ፤ አምስቱን የጣሊያን ዓመት ጫካ ያሳለፉ አርበኛ። ራስ ሥዩም መንገሻ አሉ፤ የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ። መኮንን ሀብተ ወልድ አሉ፤ አባ ሐና ጅማ አሉ። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም አሉ፤ ይኼኛው ነው የማይገባኝ። ሙሉጌታን በሬዲዮ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ብለው የሰየሟቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ረቡዕ ሾሟቸው፣ ዓርብ ገደሏቸው።

ገርማሜን የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ተስፋ በቆረጠ ሰው እጅ የተደረገ ነው፣ ማን እንደተኮሰ አይታወቅም፣ ወይም ያ ባይሆን ኖሮ ደርግ ስድሳዎቹን አይደፍርም ነበር ይላሉ። የመጨረሻው ትንሽ እውነት አለው፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት ባለሥልጣናት ጉዳይ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አልነበረም፤ ሳሎኑ መንገድ አሳይቷል። ግን ይህ ለገርማሜ መከላከያ አይሆንም። ክስ ነው። መሬት ለገበሬ ያከፋፈለ ሰው በሳሎን ውስጥ ትጥቅ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ካስጨረሰ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ «መሬት» የሚለው ቃል በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ የደም ሽታ ነበረው። ባለመሬቶቹ ያንን ሽታ በደንብ ተጠቀሙበት። ማሻሻያ ያለ ሁሉ ገርማሜ ተባለ።

*

ዓለም ገርማሜን በአብዛኛው ያወቀው በፖላንዳዊ ብዕር ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» የተባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ የቤተ መንግሥት ሰዎች ስለ ገርማሜ በፍርሃትና በጥላቻ ያወራሉ፤ መሬት ሰጠ፣ ጉቦውን ትምህርት ቤት ሠራበት እያሉ እንደ ነውር ይቆጥሩታል። መጽሐፉ በብዙ ዝርዝሩ እንደማይታመን የእኛም የውጭውም ሊቃውንት ተናግረዋል፤ የቤተ መንግሥት ሰው እንደዚያ ቀልደኛ ሆኖ አያወራም። ነገር ግን ዋርሶ ላይ ያነበበው ሰው ስለ አዲስ አበባ አላነበበም። ስለ ገዛ ኮሚኒስት ፓርቲው፣ ስለ መሪው ስለ ጊዬሬክ ቢሮ ነው ያነበበው። ገርማሜ በኬንያ ስም ወላይታን እንደጻፈ፣ ፖላንዳዊው በገርማሜ ስም ዋርሶን ጻፈ።

ፖላንዶች ስለ ከሸፈ ዐመፅ ከእኛ የበለጠ ልምድ አላቸው። ጥር 1863 እ.ኤ.አ. በሩሲያ ቄሳር ላይ ሲነሡ፣ የዐማፅያኑ ምስጢራዊ መንግሥት በመጀመሪያው ቀን ያወጀው ገበሬው የሚያርሰው መሬት የራሱ ነው የሚል ነበር። ዐመፁ ከሸፈ፤ መሪው ሮሙአልድ ትራውጉት በ1864 እ.ኤ.አ. ዋርሶ ላይ ተሰቀለ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ቄሳሩ ራሱ ለፖላንድ ገበሬዎች መሬት ሰጠ፤ ገበሬው ወደ ዐማፅያኑ እንዳይዞር ብሎ። ሰውየውን ሰቅሎ ሐሳቡን ወረሰ።

የእኛ ቤተ መንግሥት የመጀመሪያውን ብቻ አደረገ። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የባለመሬትና የጢሰኛ ግንኙነትን የሚያሻሽለው ረቂቅ ሕግ ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ። ቄሳር እስክንድር ለማታለል ቢሆንም የሰጠውን፣ ጃንሆይ ለማታለል እንኳ አልሰጡም። ከሩሲያ ቄሳር ተማሩ የሚል ምክር መስጠት ያሳፍራል፤ ግን ሌላ ምን ይባላል?

*

ታኅሣሥ 8 ቀን ጃንሆይ በአሥመራ በኩል አዲስ አበባ ገቡ፤ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ተቀበላቸው። ስለዚያ እልልታ ብዙ ተብሏል፤ «ሕዝብ አልገባውም» የሚሉም አሉ። እኔ የገባው ይመስለኛል። ሁለት ቀን መድፍና አውሮፕላን ሲጮኽበት ያደረ ሰው ለሚያበቃው ሰው እልል ይላል።

ወንድማማቾቹ በእግራቸው ሸሽተው ታኅሣሥ 15 ቀን ሞጆ አካባቢ ተከበቡ። ብዙዎች እንደሚተርኩት ገርማሜ መጀመሪያ ወንድሙን መታው፣ ከዚያ ራሱን ገደለ። መንግሥቱ ግን አንድ ዓይኑን አጥቶ ተረፈ። የገርማሜ ሬሳ አዲስ አበባ መጥቶ በአደባባይ ተሰቀለ። የሞተን ሰው መስቀል ለማን እንደሚጠቅም ሳስብ፣ የተሰቀለው ለሕዝቡ አይመስለኝም። የሰቀሉት ሰዎች ራሳቸው መሞቱን እርግጠኛ ለመሆን የፈለጉ ይመስለኛል።

መንግሥቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኝ አላለም። መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ተሰቀለ። የጃንሆይ ፍርድ ቤት ለጄኔራሉ ችሎት ሰጥቶታል፤ ጄኔራሉ ለአረንጓዴው ሳሎን ሰዎች አልሰጣቸውም። ይህን የምጽፈው ለፍርድ ቤቱ አዝኜ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ሳሎኑ ከችሎቱ የበለጠ ተከታይ አገኘ ለማለት ነው።

*

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ሙዚየም ውስጥ የጃንሆይ መኝታ ቤት ይጎበኛል። መስታወት አለ፤ መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ። ጎብኚ ሁሉ ፊቱን ሊያይ ይጠጋና ቀዳዳውን ያያል። አስጎብኚው «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ» ይላል፤ ፈረንጁ ፎቶ ያነሣል። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ይህ ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ፤ ግርግሩ ከከሸፈ ልክ ዓመት እንዳለፈው። ሦስት ዓመት ጥቂት እንዳለፈው፣ በ1957 ዓ.ም. ከዚሁ ግቢ የወጡ ተማሪዎች ፓርላማ ደጃፍ «መሬት ላራሹ» ብለው ጮኹ። ጃንሆይ የገርማሜን ቤት አጥፍተው በገዛ ቤታቸው ገርማሜዎችን አስተማሩ።

*

የመሬት ዐዋጁ በመጨረሻ የመጣው በደርግ እጅ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ወላይታን የነካው ያ ነው። ካዛንቺስን የነካው ግን ሐምሌ 19 ቀን የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች የሠራቸው ቤቶችም፣ በጀርባቸው እየተጨመሩ የተሠሩት የጭቃ ክፍሎችም ቀስ በቀስ የቀበሌ ቤት ሆኑ።

አንዲት የድሮ ጎረቤታችን፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ፣ ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ከፍተው የቀበሌ ኪራይ ደብተራቸውን አሳዩኝ። ጠርዙ በስኮች ተለጥፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ማኅተም ከሐምራዊነት ወደ ቡኒ ሄዷል፤ ወር በወር የተከፈለች፣ ሳንቲም የተጨመረባት፣ የአንድ ሻይ ዋጋ የማትሆን ገንዘብ።

«እትዬ፣ ይኼን አሁን ለምን ይዘውት ይዞራሉ? ቤቱ እንኳን የለም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንድ ወር እንኳ እንዳላሳለፍኩ ይወቁት ብዬ ነው» አሉ።

ማን እንደሚያውቅላቸው አልጠየቅሁም። ቤታቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ነው፤ ያምራል፤ የሚያምር መሆኑን መካድ አይቻልም። ኢዮቤልዩም ታድሶ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ፊት ተመርቋል። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሰፈር፣ አንዱ ቤት ታደሰ፣ ሌላው ፈረሰ። መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ አርሶ አደር ቀበሌ ብቻ የሚነሣ ይመስለን ነበር።

*

ከግርግሩ ወዲያው ምርት ያገኘ አንድ ወገን ነበር፤ ወታደሩ። ብዙም ሳይቆይ ምድር ጦሩ ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ ጠየቀና ተጨመረለት። ዙፋኑን ያዳነ ሰው ዋጋውን ማወቁ አይቀርም። ገርማሜ የሞተለት ገበሬ አንድ ቁና እንኳ ሳይቀነስለት፣ ገርማሜን ያሸነፈው ጦር ደመወዝ አስጨመረ። ጃንሆይም ከግርግሩ የተማሩት ትምህርት ይኸው ሆነ፦ መሬቱን ሳይሆን ጦሩን ማስደሰት።

ጥር 1966 ዓ.ም. አብዮቱን የጀመረው የነገሌ ቦረና ጦር ያመፀው ስለ መሬት አልነበረም፤ ስለ ኬንያ ያነበበ ሰውም መካከላቸው አልነበረም። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ብለዋቸው ነው፤ ምግቡም አይበላም። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያበርዱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸውና የእነሱን ምግብ አስበሏቸው፣ የእነሱን ውሃ አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።